ቅጠል ያወጣው አልጋ

አልጋ መሥራት ምን ያስቸግራል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እመኑኝ፣ ተኝቶበት እንጂ ሠርቶት አያውቅም። እኔ በዕድሜዬ አንድ አልጋ ሠርቻለሁ፤ ከእንጨት፣ ከልጥና ከሣር። ከዚያ ወዲህ ሰው አልጋ ላይ ተቀምጦ ባየሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ እግሩን አያለሁ። የሰውየውን አይደለም፤ የአልጋውን። እንጨቱ ደረቅ መሆኑን ሳላረጋግጥ አጠገቡ አልቀመጥም።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ልጄ አልጋነሽ ትባላለች፤ ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። ያን ጊዜ በእኛ በእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን፣ አልጋ ማለት ንጉሥ የሚቀመጥበት እንጂ ሰው የሚተኛበት አልነበረም። ሰው የሚተኛው መደብ ላይ ነው፤ መደብ ያልደረሰው ደግሞ መሬት ላይ ቁርበት አንጥፎ። አልጋ በዓይኑ ያየ ሰው እምብዛም ሳይኖር አልጋነሽ የምትባል ልጅ ግን በየቤቱ ነበረች። የሌለንን በስም እንኳ ይኑረን ብለን ይሆናል። በዚህ ሒሳብ እኛ መንደር ወርቁም ብሩም ዘውዱም ሞልቶ ነበር፤ ስትጠሩት ግን አፍንጫውን ያልተናፈጠ ልጅ ሆኖ ይመጣል።

እኔ ሥጋት የማያልቅብኝ ሰው ነኝ። ባሌ "አንች እኮ አንድ ቀን ሥጋት ብታጪ፣ ወዴት ጠፋብኝ ብለሽ ትሠጊያለሽ" ይለኛል። ትምህርትን እስከ ሦስተኛ ክፍል ቀምሻታለሁ። ከዚያ ሁሉ ትምህርት ልቤ ውስጥ የቀረው መምህራችን ስለ እርጥበት የተናገሩት ብቻ ነው። በሽታ ከእርጥብ መሬት እየተነሣ ወደ ሰው አጥንት ይገባል አሉን። ማባዛቱም ማካፈሉም ጠፋ፤ እርጥበቱ ቀረ። እርጥበት ጠባዩ ነው፤ ከገባ አይወጣም።

ታዲያ አልጋነሽ በስድስት ዓመቷ ክረምቱ ሲጠና ጉልበቷ ያብጥ ጀመር። ዝናብ በጣለ ማግስት እግሯን ማጠፍ ያቅታታል፤ እንደ አሮጊት ግድግዳ ይዛ ትነሣለች። ቅቤ ቀባናት፣ በጨው ውሃ አጠብናት፣ ያወቀም ያላወቀም ያዘዘውን ሁሉ አደረግን። በመጨረሻ ጋይንት ውስጥ፣ ከቤተ ልሔም ደብር ወዲህ፣ ለእንዲህ ያለ ሕመም የሚነገርለት ጠበል አለና የፍልሰታን ጾም እዚያ ሱባኤ ገብታ ትጠመቅ ተባለ። እኔም ተስማማሁ። ተስማማሁ እንጂ የነሐሴን ዝናብ፣ የወንዙን ሙላትና የጠበሉን ቅዝቃዜ እያሰብሁ እህል አልወርድ አለኝ፤ ጾሙን ከሁሉ ቀድሜ ጀመርሁት ማለት ነው።

ለሱባኤ የሚያዘው በሶና ቆሎ ነው። እኔ ግን ለእባብ ነጭ ሽንኩርት፣ ለምች ዳማ ከሴ፣ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም፣ ለብርድ ጋቢ፣ ጋቢው ቢረጥብ ደግሞ ሌላ ጋቢ፣ ሁለቱም ቢረጥቡ አጎዛ ያዝሁ። አባቷ ልጅቱን አዝሎ፣ እኔ ያን ሁሉ ተሸክሜ፣ ጭቃውን እየረገጥን ደረስን። ስልቻውን ስፈታ በሶውን ረስቼው መጥቻለሁ።

"የእባብ መድኃኒት ይዘሽ በሶ ረሳሽ?" አለ ባሌ።

"በሶ አይነድፍማ!" አልሁት።

አረሙ አላልቅ ብሎት ነበርና ጎጆ አስይዞን በማግስቱ ተመለሰ። ሲሄድ ምሳሯን እንዲተውልኝ ጠየቅሁት።

"ምን ልታደርጊባት ነው? ሱባኤ እኮ ነው የገባሽው፣ በረሃ አይደለም።"

"አይታወቅም። ተዋት።"

የጾሙ መጨረሻ ላይ መጥቼ እወስዳችኋለሁ አለና ምሳሯን ጥሎልን ሄደ።

ጎጆዎቹ በቅጠልና በሣር የተሠሩ፣ እርስ በርስ የተደገፉ ናቸው። በግራችን ያረፉት ከስማዳ፣ ከወገዳ ማዶ የመጡ አንዲት መነኩሲት ናቸው። እማሆይ ሰውነታቸው ሁሉ አርጅቶ ምላሳቸው ብቻ ሳያረጅ የቀረ ናቸው። በሶ መርሳቴን ሲሰሙ ከራሳቸው ከፍለው ሰጡኝ፤ "እንኪ፣ ሽንኩርቱን ለእባቡ ተይለት፤ እሱም ጾመኛ ሊሆን ይችላል" ብለው። በቀኛችን ደግሞ ወይዘሮ ደስታ የሚባሉ የግራዝማች ሚስት ከነገረዳቸው፣ ከነምንጣፋቸው አርፈዋል። በእኛና በእሳቸው መካከል ያለው ግርግዳ የቅጠል ነው፤ ቁመቱም ከሰው ደረት አያልፍም።

ጠዋት ልጄን አንሥቼ ቁርበቱን ብገልጠው ከሥሩ ውሃ ቋጥሯል። ውሃው ውስጥ ትል ተኝቷል፤ ከእኛ የተሻለ እንቅልፍ እንደ ተኛ ያስታውቃል። የአልጋነሽ ጉልበት እንደ ዳቦ ነፍቷል። ጠበሉ ቀን ያበረደውን መሬቱ ማታ እየመለሰው ከሆነ ሱባኤው ለማን ነው? መምህራችን ከነእርጥበታቸው ዓይኔ ላይ መጡ። ልጄን ከዚህ መሬት ከፍ ማድረግ አለብኝ አልሁ።

አልጋ ሠርቼ አላውቅም ብያችኋለሁ። ግን የእህል ማማ ሲሠራ አይቻለሁ፤ አራት ባላ መትከል፣ በባላዎቹ ላይ አግዳሚ ማጋደም፣ በአግዳሚዎቹ ላይ ቀጫጭን እንጨት ረብርቦ በልጥ ማሠር፣ ከላይ ሣር መጎዝጎዝ። ሲታይ ምንም አይደለም። ችግሩ እንጨቱ ነው። የቤተ ክርስቲያን ጫካ ቅጠሉ እንኳ አይቀነጠስም፤ አንዲት ጭራሮ ብሰብር ልጄን ላድን መጥቼ ራሴን ማስገዘቴ ነው። ስለዚህ ወደ መንደሩ ወጣሁ። አንድ ገበሬ አጥሩን በኮርች ያጠረ አገኘሁ። ኮርች ታውቁ የለ፣ ለስላሳ ነው፤ የሴት ምሳር አይመልስም።

"ለልጄ መኝታ ልሠራ ነው፣ ጥቂት ልቁረጥ?" አልሁት።

"ቁረጪ፣ ቁረጪ። ማገዶ እንኳ አይሆን" አለኝ።

ቆረጥሁ። ገና ሳመጣው ነው ነገር የተጀመረ። ሁለቱን ረጃጅም እንጨቶች መሬት ላይ አጋድሜ ርብራቡን በልጥ ሳሥር አንድ ሽማግሌ መንገደኛ ቆም አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ነፍስ ይማር" አሉኝ በሐዘን። "ማን ነው?"

ቀና ብዬ ሥራዬን ባየው በእርግጥም ቃሬዛ ነው። ሁለት ረጅም እንጨት፣ መካከሉ ርብራብ፤ አስከሬን የምንሸከምበት አንድ ነገር አልጎደለውም። አጠገቡ ደግሞ የምለካባት ልጄ ዓይኗን ጨፍና ተጋድማለች። "አልሞተችም! ደኅና ናት!" ብዬ ጮህሁ። ሽማግሌው ደንግጠው ካልሞተች ለምን ትለኪያታለሽ ብለው እያማተቡ ሄዱ። ልጥ ያሠርሁትን ሁሉ ፈታሁና ባላዎቹን አስቀድሜ ተከልሁ፤ እንደ ቃሬዛ ሳይሆን እንደ ቤት ከእግሩ እንዲጀመር።

መጀመሪያ ከመሬት ሁለት ስንዝር ብቻ ከፍ ላደርገው ነበር። ለእርጥበት ይበቃል። ለእባብ ግን አይበቃም ብዬ እስከ ጉልበት አደረግሁት። ጅብስ? ጅብ በቅጠል ግርግዳ አፍንጫውን ቢያስገባ ልክ የልጄ ጆሮ ይደርሳል፤ ስለዚህ እስከ ወገቤ አወጣሁት። እዚያ ሲደርስ ደግሞ ልጅቱ ብትወድቅስ የሚል መጣና ዙሪያውን አጠርሁት። ሣሩን ጎዝጉዤ፣ አጎዛውን አንጥፌ፣ ልጄን አቅፌ አወጣኋትና ራሴም አጥሩን ተደግፌ ቆምሁ። እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡና ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ይህ ምንድን ነው ልጄ? ዝንጀሮ ልትጠብቂበት ነው?"

"የልጄ መኝታ ነው፣ እማሆይ። እርጥበቱን ፈርቼ ነው።"

"ከዚህ ላይማ እርጥበት አያገኛትም። ደመና ነው የሚያገኛት።"

ሳቁብኝ። እኔ ግን በዚያ ሳምንት ልጄ ስትነቃ ደረቅ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ትጠመቃለች፣ ማታ ከመሬት ተለይታ ትተኛለች፤ ጉልበቷ ቀስ በቀስ እየሟሸሸ፣ ጭን ከባት መለየት ጀመረ። እግሯን አጥፋ ስትቀመጥ ባየሁ ጊዜ እልል ለማለት አፌን ከፍቼ፣ ደስታ ሲበዛ ዓይን ይገባዋል ብዬ መልሼ ዘጋሁት።

ዓይን የገባው ግን በሌላ በኩል ነው። አልጋነሽ እዚያ ማማዋ ላይ ስትቀመጥ ግርግዳው ከእሷ በታች ይሆንና የወይዘሮ ደስታ ጎጆ ወለል ብሎ ይታያታል። ልጅ ነች፣ ያየችውን ትናገራለች። አንድ ጠዋት፣ ገና ቅዳሴ ሳይገባ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፦

"እንደምን አደሩ እመይቴ! የሚበሉት ቂጣ ነው?"

በዚያ ወገን ማኘኩ ቆመ። ፍልሰታ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ የሚቀምስ የለም። ዘልዬ አፏን ያዝሁ።

"እማ፣ ልቀቂኝ! ኑግም አለበት!" አለች በጣቶቼ መካከል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ገረዳቸው መጣች። "እመይቴ እንዲህ ይላሉ" አለች ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፤ ሳቅ እንደ ያዛት ግን ትከሻዋ ይናገራል። "የግራዝማች ሚስት ምንጣፍ ላይ ተኝታ የባላገር ልጅ አልጋ ላይ ሆና ቁልቁል ታየኛለች ወይ ይላሉ። ይህ ንቀት ነው ይላሉ። ለአባ እነግራለሁ ይላሉ።"

ነገሯቸው። የሚያጠምቁት አባ መስቀላቸውን ይዘው መጡ፤ ከኋላቸው ወይዘሮ ደስታ፣ ከእሳቸው ኋላ ሥራ የፈታው ሱባኤተኛ ሁሉ።

"ይህ ምንድን ነው?" አሉ አባ።

"አልጋ ነው፣ አባታችን።"

"አልጋ? አልጋ የጃንሆይ ነው ልጄ። አፍሽን ጠብቂ። ቆጥ በይው።"

"ቆጥማ የዶሮ ነው፣ አባ!"

እማሆይ ከዳር ሆነው "ከጃንሆይና ከዶሮ መካከል የሚተኛ ፍጡር መኝታውን ምን ይበለው እንግዲህ?" አሉ።

አባ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ። "ርብራብ ይባል" ብለው ፈረዱ። "ሱባኤ የገባ ሰው መሬት ነው የሚተኛው፤ ይህች ግን በሽተኛ ናት፣ ሕፃንም ናት፣ ከመሬት ትነሣ። ነገር ግን" አሉና ወደ ወይዘሮ ደስታ ዞሩ፤ "ቁጭ ስትል ራሷ ከግርግዳው አይለፍ። ሰው የሰው ጓዳ ማየት የለበትም።"

ወይዘሮ ደስታ "ጓዳዬ ምን አለበትና?" አሉ።

"ኑግ!" አለች አልጋነሽ። እኔ ሳል ያዘኝ። ያን ቀን እንደ ሳልሁት በዕድሜዬ ስዬ አላውቅም።

ፍርድ ፍርድ ነውና አልጋውን ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ። ባላዎቹን ነቅዬ ልቆርጣቸው አሰብሁ፤ ግን ርብራቡን ፈትቼ እንደገና እስካሥር ማታ ይደርሳል፣ ልጄም መሬት ልታድር ነው። ስለዚህ ድንጋይ አንሥቼ ባላዎቹን ከላይ መታኋቸው። የነሐሴ መሬት አይጨክንም፤ እንደ ገንፎ ዋጣቸው። አንዱን ስመታ ሌላው ከፍ ይላል፣ ሌላውን ሳስተካክል የመጀመሪያው ይሰምጣል። ወይዘሮ ደስታ በዚያ በኩል ቁጭ ብለው "አሁንም ግንባሯ ይታየኛል" ይላሉ፤ እኔ እመታለሁ። "አሁን ቅንድቧ" ይላሉ፤ እመታለሁ። በመጨረሻ አልጋው ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ቀረው፤ እግሮቹ ከክንድ በላይ ጭቃ ውስጥ ገቡ። የእባቡም የጅቡም ሥጋት በሙሉ ክብሩ ተመለሰልኝ። ቢሆንም አንድ ስንዝር አንድ ስንዝር ነው፤ ውሃው ከታች ያልፋል፣ ልጄ ከላይ ደረቅ ናት። ጉልበቷም መሟሸሹን አልተወም።

የጾሙ አጋማሽ አልፎ ነው፤ አልጋነሽ ከእንቅልፏ ነቅታ እግሯ አጠገብ ያለውን ባላ እያየች፦

"እማ፣ አልጋዬ ጆሮ አወጣ" አለችኝ።

ጎንበስ ብል እውነቷን ነው። ለስላሳ፣ አረንጓዴ፣ እንደ ጥጃ ጆሮ የታጠፈ ቅጠል ከቅርፊቱ ብቅ ብሏል። የሌሎቹም ባላዎች ዓይን አቆጥቁጧል። እኔ አልገረመኝም። ኮርች በክረምት ከተተከለ ይበቅላል፤ ገበሬው አጥሩን በእሱ ያጠረው ለዚሁ ነው። ያውም እኔ ያን ያህል አጥልቄ የተከልሁት! ልጄን "አዎ ጆሮ ነው፣ አንች በሌለሽበት ያዳምጣል" ብያት ወደ ጠበሉ ይዣት ወረድሁ።

ስመለስ ጎጆዬ ደጃፍ ላይ ሰው ቆሟል። የወይዘሮ ደስታ ገረድ ገብታ አይታ ኖሮ እየጮኸች ወጥታ ለሁሉ ተናግራለች። ወሩ የእመቤታችን ነው፤ ካህናቱ በየጠዋቱ እሷን ሳይተከል ሳይጠጣ በለመለመው በአሮን በትር እየመሰሉ ያመሰግናሉ። ሕዝቡ ያንን ሰምቶ ከቅዳሴ ወጥቶ የበቀለ አልጋ ሲያይ ምን ይበል?

"በትረ አሮን!" አሉ።

"ኮርች ነው" አልሁ።

"እዩ ትሕትናዋን!" አለች አንዷ።

"ትሕትና አይደለም፤ እዚያ ማዶ ካለው ገበሬ አጥር ቆርጬ ያመጣሁት ነው!"

"እዩ እንግዲህ፣ ለራሷ ክብር አትፈልግም!"

እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባችሁ እንደሆን አላውቅም። ውሸት ተናግሮ የሚታመን ብዙ አይቻለሁ፤ እውነት ተናግሮ የሚመሰገንና የማይታመን ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ኮርች ነው ባልሁ ቁጥር ሰው ይበዛል። አንዱ ባላውን ይስማል፣ አንዷ ለልጇ አንገት ብላ ከርብራቡ ልጥ ትመዛለች፣ አንዱ ቅጠሉን ለዓይኑ ይጠይቃል። ቅጠሉ ገና ሦስት ነው፤ ሰው ግን ጎጆውን ከቦታል። ልጡ ሲመዘዝ ርብራቡ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወይዘሮ ደስታ መካከል ላይ ቆመው "እኔ እኮ ገና ዱሮ ነው ይህ አልጋ የተለየ መሆኑን ያስተዋልሁት፤ ከፍ ከፍ ይል ነበር" እያሉ ያስረዳሉ።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። የከፋው ማታ ሲሆን ነው። ልጄን አቅፌ ላስተኛ ስል አንድ ሽማግሌ እጄን ያዙ።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ላስተኛት።"

"በተቀደሰ ነገር ላይ? ኧረ ባክሽ ልጄ፣ መቅሠፍት አታምጪብን!"

ስለዚህ ልጄ መሬት ተኛች። አልጋው ከአጠገባችን፣ ነጠላ ለብሶ፣ ደረቅ ሆኖ አደረ። ቅዱሱ እንጨት በነጠላ፣ በሽተኛዋ በጭቃ! ዝናቡም እንደ ሰማ ሁሉ ሳያባራ ዘነበ። ጠዋት አልጋነሽ ልትነሣ ስትል ወዲያው ተቀመጠች። "እማ፣ እግሬ እምቢ አለ" አለችኝ። ያ ሁሉ የሟሸሸ ጉልበት እንደገና ነፍቷል።

ከዚያ በኋላ ሥጋቴ ወደ ቁጣ ተለወጠ። ወደ አባ ሮጥሁ።

"አባ፣ ኮርች ነው! እርስዎ ይንገሯቸው፤ ልጄ ሽባ ሆና መቅረቷ ነው!"

አባ ዝቅ ባለ ድምፅ "ኮርች መሆኑን መች አጣሁት ልጄ" አሉኝ። "ግን አሁን ኮርች ነው ብል፣ አባ እምነት አጡ ብለው ጠበሉንም ይጠራጠሩኛል። እስቲ ልምከርበት።"

እሳቸው ሲመክሩ እማሆይ አልጠበቁም። በመቋሚያቸው መሬቱን እየወጉ በሕዝቡ መካከል ገቡና አልጋው ራስጌ ቆሙ።

"ልጅቱ ትነሣ አላችሁ፣ ተነሣች። እሺ፣ ይህ አልጋ ለማን ነው የበቀለው? ለማንም ካልሆነ ለፍየል ነው።"

ወይዘሮ ደስታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ እንኳ ወገቤን ያመኛል። ለአንድ ሌሊት ጋደም ብልበት..."

"እኔም ትከሻዬን" አሉ ሽማግሌው፤ ትናንት መቅሠፍት የፈሩት እኚያው ሽማግሌ። "እኔም"፣ "እኔም" ብሎ ሰው ሁሉ ሕመሙን አነሣ። የዚያን ያህል በሽተኛ መኖሩን ጠበሉም አያውቅ።

"መልካም" አሉ እማሆይ። "እንደምታውቁት ከተቀደሰ ነገር ላይ በኃጢአት አይወጣም። ስለዚህ የሚተኛ ሰው እዚህ ይቁም፣ ከሱባኤው መጀመሪያ አንሥቶ ያደረገውን ሁሉ በእኛ ፊት ጮክ ብሎ ይናገርና ይውጣ። ወይዘሮ ደስታ፣ ክብር ለባለ ክብር ነው፣ ከእርስዎ ይጀመር።"

ወይዘሮ ደስታ ወደ አልጋነሽ አዩ። አልጋነሽም አፏን ከፍታ ወደ እሳቸው አየች። ልትረዳቸው ፈልጋ ነው።

"ወገቤ... እንዲያውም ዛሬ ተሽሎኛል" አሉ ወይዘሮዋ። "ይህ ጠበል እኮ ተአምረኛ ነው!"

የሽማግሌውም ትከሻ ዳነ። በዚያች ቅጽበት የዳነውን ሕዝብ ብታዩ ጠበሉ ከፈለቀ ወዲህ እንዲህ ያለ ቀን የለም ትላላችሁ።

በዚህ መካከል አባ ደረሱ። ነገሩ ገባቸው። "እንግዲህ ያለ ኃጢአት የሚተኛበት ሕፃን ብቻ ነው" አሉ እፎይ ብለው፤ ከዚያም ለደንቡ ያህል ወደ ልጄ ጎንበስ አሉ። "አልጋነሽ፣ አንች ኃጢአት የለብሽም አይደል?"

ምነው ባልጠየቋት! አልጋነሽ አሰበች። እኔን የሚገድለኝ ስታስብ ነው።

"የእማን ቅቤ ልሻለሁ" አለች።

ሰው አጉረመረመ። "መቼ?" አሉ አባ።

"እማ ለጉልበቴ ስትቀባኝ። ከጉልበቴ ላይ።"

"በጾም ነበር?"

"እኔ እንጃ።"

ልጄ ከዚያ ጭቃ የምትነሣው ወይም የምትቀረው በአንዲት ጣት ቅቤ ሊሆን ነው። እማሆይ ግን በመቋሚያቸው መሬት መቱ። "ስንት ዓመቷ ነው?"

"ስድስት! ሰባት የሚሞላት በጥቅምት ነው!" አልሁ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ጮክ ብዬ የተናገርሁት ቁጥር የለም።

"ሰባት ካልሞላት ጾም አልጀመራትም። ጾም ካልጀመራት ቅቤው ቅባት ነው እንጂ ኃጢአት አይደለም። በሉ ልጅቱን አውጧት።"

አወጧት። ያውም እንዴት አድርገው! ሽማግሌው ራሳቸው አቅፈው አስተኟት። ሴቶቹ የመዘዙትን ልጥ የሚመልስ መለሰ፣ ያልመለሰው አዲስ አመጣ። ጎጆው እንዳያፈስ ክዳኑን ደረቡልኝ፤ ዙሪያውን ቦይ ቆፈሩለት፤ ለልጅቱ ሳይሆን ለአልጋው ክብር ነው፣ ግን ውሃ ምክንያት አይጠይቅም፣ በቦዩ ሄደ። ወይዘሮ ደስታ ምንጣፋቸውን ላኩ። ልጄ በግራዝማች ምንጣፍ፣ በአሮን በትር ላይ፣ ደረቅ ሆና ተኛች።

እኔስ? እኔ ኃጢአቴ ብዙ ነውና ከአልጋው አጠገብ መሬት ላይ ነበርሁ። ደግሞም ሰው ቅጠል ፍለጋ በገባ በወጣ ቁጥር እኔን ረግጦ ነው የሚያልፈው። ልጥ እንዳይመዙባት ባላውን አቅፌ ነበር የማድር። የልጄ ጉልበት እንደገና ሲሟሽሽ፣ ሲሟሽሽ፣ የፍልሰታ ዕለት ያለ እኔ እጅ ከአልጋዋ ዘላ ወርዳ ከሕፃናቱ ጋር ልትቆርብ በእግሯ ሄደች። ከኋላዋ ልሮጥ ስል ነው የራሴ ጉልበት እምቢ ማለቱን ያወቅሁት። ግድግዳ ይዤ ተነሣሁ፤ የቅጠል ግድግዳ ነውና ከእኔ ጋር ወደቀ።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ልጅቱን ከቦ ምስጋናውን ይካፈላል። አባ የጠበሉ ነው ይላሉ። ሽማግሌው የበትሩ ነው ይላሉ። ወይዘሮ ደስታ ምንጣፉ የማን እንደ ሆነ ላልሰማ ያሰማሉ። እኔ እመቤታችንን አመሰገንሁ፤ በልቤ ደግሞ መምህራችንን ከነእርጥበታቸው። በዚህ መካከል ባሌ የወንድሙን በቅሎ ተውሶ ልጅቱን አስቀምጦ ሊወስድ ደረሰ። ጎጆው ገባና አልጋውን አየው። የሰው አጀብ፣ የተነጠፈው ምንጣፍ፣ ቅጠሉ... ገበሬ ነው፣ አፉ ቀደመው።

"ይህ ኮርች አይደለም እንዴ?"

ሕዝቡ ወደ እሱ ዞረ። አንድ ሰው ድንጋይ ፍለጋ ወደ መሬት ሲያይ ያየሁ መሰለኝ። እማሆይ ግን ሳይደናገጡ፦

"ነው እንጂ ልጄ። የአሮንም በትር ለውዝ ነበረች። ለውዝም ያው እንጨት ነው" አሉት።

ባሌ ለመመለስ አፉን ከፈተ፤ ቆንጥጬ ዘጋሁት። አልጋውን ነቅለን እንውሰድ ቢለኝ የሚነቀል አልሆነም፤ ሥር ሰዷል። ተሰነባብተን ወጣን።

አልጋነሽ በቅሎ ላይ አልቀመጥም ብላ ከፊት ከፊት እየዘለለች ኩሬ እየመረጠች ትረግጣለች። እኔ አንድ እርምጃ ተራምጄ ሁለት ጊዜ አቃሰትሁ። ባሌ ወደ እኔ አየ፣ ወደ እሷ አየ፣ ወደ በቅሎዪቱ አየ። ከዚያ አቅፎ እኔን አስቀመጠኝ።

ትንሽ እንደ ሄድን ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አገኙን። ከጠበል መምጣታችንን ከጠርሙሳችን አወቁ። አንዷ በቅሎ ላይ ተቆልምሜ ስታየኝ ከንፈሯን መጠጠች።

"እሙዬን፣ እህቴን! ጠበሉ አልሰመረልሽም?"

መልስ ሳልሰጥ ባሌ ቀደመኝ።

"ኧረ ሰምሯል" አላት። "ሳመጣቸው የታመመችው ልጅቱ ነበረች።"